የሹፌሩ በር

አዋላጇ የትንሿ መኪናዋ የሹፌር በር ተገጭቶ አልዘጋ ስላላት፣ በገመድ አስራው በተሳፋሪው በኩል እየተንፏቀቀች ትገባ ነበር። ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሄዳ፣ ቀለሙ ሳይቀር የሚመሳሰል በር አግኝታ ልትገዛው ስትል፣ ከነመኪናዋ ስትመጣ ያያት፣ አጠገቧ የቆመ ባለታክሲ፣

«እህቴ፣ ቆዪ! ይሄ የባለ ሁለት በሯ መኪና ነው፤ ያንቺ ባለ አራት ስለሆነች ይረዝምባታል» አላት።

ልኩን በር እሱ ቀድሟት ገዝቶታል፤ ሌላ ደግሞ የለም። ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ባለታክሲው መኪናዋን አየት አድርጎ፣

«የታክሲዬ በር ዝጎ ነው እንጂ ይዘጋል። የቸገረሽ አንቺ ነሽ፤ የገዛሁትን በገዛሁበት ዋጋ ውሰጂው» አላት። አልፎ ተርፎም እጅጌውን ሰብስቦ ገጠመላት።

በሩ ግጥም ብሎ ሲዘጋ አዋላጇ እንባዋ መጣ።

«ምጥ እኮ ቀጠሮ አያውቅም» አለችው። «የስንት እናት ምርቃት ይድረስህ፣ ወንድሜ!»