የኮሎኔሉ ሁለተኛ ዓይን

ዓምደ ሚካኤል ሲያትል በገባ በሦስት ዓመት ውስጥ ያጠባቸው ሳህኖች ቢደረደሩ ሬይኒር ተራራን አልፈው ለአውሮፕላን ባስቸገሩ ነበር። የሚሠራው ካፒቶል ሂል በሚባለው የከተማዋ ሰፈር፣ ሃምብልተን የሚባሉ ጡረተኛ እንግሊዛዊ ኮሎኔል በከፈቱት የሕንድ ምግብ ቤት ጓዳ ነው። አገር ቤት ሳለ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። «መቶ አርባ መቅደስ በዚህ እጅ ነው ያጌጠው» ይላል። ግፋ ቢል ሁለት ናቸው፤ በአንደኛው ቀለም በጥባጭ ነበር።

በፈረንጆች 1985 አንድ ማክሰኞ ኮሎኔሉ ጓዳ ድረስ መጡ።

«አያቴ ሕንድ አገር አንድ አውራጃ ይገዙ ነበር። ኑሯቸውን በሥዕል የሚያሳይ ሜኑ እፈልጋለሁ። ሠዓሊ ታውቃለህ?»

«ከፊትዎ የቆመው ማን ሆነና!»

«ካማረ ሠዓሊዬ ትሆናለህ። ካላማረ ወደ ሳህንህ።»

የእጁ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ለተላጠ ሰው ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ኮሎኔሉ ያወራሉ፣ እሱ ይነድፋል። አያትየው አሥራ ሰባት አሽከር ነበራቸው። አንዱ ከጣሪያ የተንጠለጠለውን ማራገቢያ ገመድ በእግሩ ጣት ሲጎትት ይውላል፤ አንዱ ነጠላ ጫማቸውን ይሸከማል፤ ሌላው ጫማ ተሸካሚው እንዳይተኛ ይጠብቃል። ጌታው በዚያ ሐሩር ሱፍ ለብሰው ትኩስ ሾርባ ይጠጡና፣ ሙቀቱን ሕንዶቹ ያመጡት ይመስል ይቆጧቸዋል። አንድ ነብርም ታድኖ ነበር፤ አሽከሮቹ ገደሉት፤ ፎቶውን እሳቸው ተነሡ።

በዓምደ ሚካኤል ሙያ ደግሞ ሕግ አለ፤ ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። እሱ አላሰበበትም፤ እጁ ግን ያውቃል። ጌታው አንድ ዓይን፣ እመቤቲቱ አንድ ዓይን፣ እንግዶቹ አንድ አንድ፣ ውሻቸው እንኳን አንድ። ለአሽከሮቹ ግን የስኒ ማስቀመጫ የሚያካክል ዓይን ሁለት ሁለት ደረሳቸው። ነብሩም አልቀረበት።

አስተናጋጇ ገነት ስታየው ጭንቅላቷን ያዘች። «ኧረ ጋሽ ዓምዴ! የሰውየውን ዘር በሙሉ ከይሁዳ ጋር አሰለፉት እኮ!»

«ዝም በይ፤ ፈረንጅ ይሄን አያነብም።»

እውነትም ኮሎኔሉ ሲያዩት «ግሩም! ሳንቲም ላይ እንዳለ ንጉሥ!» ብለው ሠላሳ ሜኑ አሳተሙ።

ቅዳሜ ለምሳ ገነት የጋበዘቻቸው ስድስት ታክሲ ነጂዎች ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ መጡ። ይርጉ የሚባለው ሜኑውን ገልጦ ውሃው ትን አለው። «ኦኬ፣ ሰውየውስ ይሁን፤ ውሻው ምን አደረገ?» አለ። ሳቁ ካናዳ ድረስ ተሰማ፤ ወደብ ላይ መርከቦች ቆሙ። ሥዩም የሚባለው ሌላው ነጂ ከነወንበሩ ወደቀ።

«ምንድን ነው የሚያስቀው?» አሉ ኮሎኔሉ። ገነት መዋሸት አልሆነላትም፤ ስለ ዓይኖቹ ሁሉንም ነገረቻቸው።

 ኮሎኔሉ ሜኑው ላይ ያሉትን አያታቸውን ትኩር ብለው አዩ።

«ውሻው እንኳ ይናከስ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ዓምደ ሚካኤል ዞሩ። «እኔን ብትሥለኝስ? ስንት ዓይን ይደርሰኛል?»

«ሁለት» ቢል በዳነ ነበር። ነገር ግን መቶ አርባ መቅደስ ያቆመው ምላስ ይህቺን አንዲት ውሸት እምቢ አለ።

«ኮሎኔል፣ እኔ ስሥል ሰንብቼ የሳህኑ ክምር አጣቢ አጥቷል። ሲያጥቡ ልይዎትና ልወስን።»

ኮሎኔሉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠቡ። የሰበሩት ሦስት ሳህን ነው፤ ዓምደ ሚካኤል ሲያወራው ሠላሳ ይሆናል። እሱ በተደፋ ድስት ላይ ተቀምጦ ነደፈ፣ ነደፈና ወረቀቱን አዞረላቸው። ፊታቸው ከጎን ወደ ፊት መዞር ጀምሯል፤ ከአፍንጫቸው ጀርባ ሁለተኛዋ ዓይን ብቅ ብላለች።

«ግማሽ ናት» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ቀሪዋን ሰኞ እጨርሳታለሁ። ትልልቆቹ ድስቶችም የሚታጠቡት ሰኞ ነው።»

ኮሎኔሉ ሽርጡን ፈትተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

«በስንት ሰዓት ልምጣ?»