ያልተቆጠሩት ልብስ ሰፊ

ወንድሜ «ወይ እንቁጠር፣ ወይ እኔ ልሂድ» ያለኝ ቀን እስክሪብቶ ወርውሬበታለሁ። አልመታሁትም። ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ቤተሰቡ «መቃ» ነው የሚለው፤ እሱን ዒላማ ማድረግ ቀላል አይደለም።

ሁለታችን በአንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ለልብስ ሰፊዎች የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራለን። ሰፊው የደንበኛውን ልክ ያስገባል፣ ፕሮግራሙ የኮቱን ወይም የቀሚሱን ቅድ ስሎ በወረቀት ያወጣለታል። ነጻ ነው። ኮዱም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል፣ የፈለገ ያሻሽለዋል፣ ለጎረቤቱ ያቀብለዋል። ለኑሯችን የሱቆች ድረ ገጽ እንሠራለን፤ ይሄኛውን የምንሠራው ስለምንወደው ነው። ችግሩ፣ ማን እንደሚጠቀምበት አናውቅም። የሚጠቀምበት ሰው መኖሩንም አናውቅም።

«እትዬ፣ እኔ ለማን ነው የምለፋው?» አለኝ መቃ። «ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ የትኛው ቅድ እንደተሳለ፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ በኢንተርኔት ይላክልን። ስም የለ፣ ምን የለ። ቁጥር ብቻ።»

«ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲሰፋ በቁልፍ ቀዳዳ ልየው ነው የምትለኝ?»

«ማየት አይደለም፣ መቁጠር ነው።»

«በቁልፍ ቀዳዳ መቁጠር።»

እንዲህ ስንባባል ከረምን። እኔ እንደሆነ አንዴ እምቢ ካልኩ እምቢ ነው። በመሃል አንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ ልስጥህ አለው። «እዚያ ቢያንስ የምሠራውን የሚነካ ሰው መኖሩን አውቃለሁ» ሲለኝ ሆድ ባሰኝ። ኮድ መጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያለ እሱ መሥራት ያቅተኛል ማለቴ አይደለም፤ እችላለሁ። ደስ አይለኝም እንጂ።

ስለዚህ እያጉረመረምኩ ግማሽ መንገድ ተሸነፍኩ። የሚቆጥር የሙከራ ፕሮግራም እናወጣለን፤ ግን ሲከፈት መጀመሪያ «አጠቃቀማችሁን ብንቆጥር ትፈቅዳላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያልፈቀደ አይነካም።

መጀመሪያ ጭር አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁጥሩ እንደ ጉድ መጉረፍ ጀመረ። ኮት፣ ቀሚስ፣ ሱሪ፣ እንደገና ኮት። መቃ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያ እየነካ። ወዲያው ሮጦ ኬክ ገዝቶ መጣ። «ሰው አለ እትዬ፣ ሰው አለ» ይላል ደጋግሞ። የኔም ልብ ቅቤ ጠጣ፣ አልዋሽም።

ኬኩን አጋምሰን ሳለ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ሰው ሁሉ ቅድ የሚስለው እኛ ኮድ በቀየርን ቁጥር ነው። ቢሮው ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለን፤ ኮዱን በነካካን ቁጥር ፕሮግራሙን ራሱ ከፍቶ፣ ቅዶቹን ሁሉ ስሎ፣ የተበላሸ ነገር እንደሌለ የሚያረጋግጥልን። ለማንኛውም ጥያቄ «እሺ» ብሎ እንዲያልፍ ያስተማረው መቃ ነው። እኛም ፈቃድ ስንጠይቅ እሺ ብሎናል፣ ጨዋ ነው፤ የጎረፈው ቁጥር ሁሉ የሱ ነበር።

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። መቃ አልሳቀም። የኬኩን ክዳን ገጥሞ ወጣ፣ በማግስቱም ለድርጅቱ ደውሎ እመጣለሁ አለ።

ለአዲሱ ሥራ ሱፍ ያስፈልገው ነበር፤ ተሰፍቶ የሚሸጥ ደግሞ አይሆነውም። ፊቴን ጥዬ አብሬው ሄድኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያሉት ልብስ ሰፊ አፋቸው እስፒል ሞልቶ የሚያወሩ ሴት ናቸው፤ መንገዱ ሁሉ «እማማ መቀስ» ይላቸዋል። ገና ከመግባታችን ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ኮምፒውተር ዓይኔ ውስጥ ገባ። የተከፈተው የኛ ፕሮግራም ነው። መቃን ቆነጠጥኩት።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ይረባል?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ከሱ በፊትማ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብዬ ስስል ወገቤ አልቆ ነበር። አሁን የዚህ መንገድ ሰፊ ሁሉ ከኔ በፍላሽ ወስዷል።» እስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ። «እጅጌው ነው የሚያቃጥለኝ። እሱ ከቁመት አስልቶ አስረዝሞ ያወጣልኛል፣ እኔ ትርፉን እቆርጣለሁ፣ እራገማለሁ። የሠራው ሰውዬ ዝንጀሮ ለክቶ ነው መሰለኝ።»

ስሌቱን የጻፈው መቃ ነው። የሞከረው ደግሞ በገዛ ክንዱ ነው።

እማማ መቀስ ክንዱን አስዘርግተው ለኩት። ቁመቱንም ለክተው ለኮምፒውተሩ ሰጡና የወጣውን የእጅጌ ቅድ ክንዱ ላይ ዘረጉት። ልክክ አለ። ወረቀቱን አዩ፣ እሱን አዩ።

«ሰውዬው ዘመድህ ነው?»

«ራሴ ነኝ» አለ መቃ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። መቃ ጆሮው ድረስ ቀላ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው፣ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የለውም አሉኝ፤ ካስገቡለት የልጅ ልጆቻቸው ፊልም ሲያዩበት ይውላሉ። ብንቆጥርም አይቆጠሩም ነበር ማለት ነው። ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት፣ እንዳሸነፈ ሰው። «አጠቃቀማችሁን እንቁጠር ብንልስ ኖሮ?» አልኳቸው፣ ድሌን ልጨርሰው ብዬ።

«እዚህ ውስጥ እኮ የሰው ወገብ አለ። ለባሏ እንኳ ልኳን ያልነገረች አለች። ሳትጠይቁኝ ብታዩ በዚህ መቀስ ነበር የምቀበላችሁ።» ደስ ሊለኝ ሲል ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ግን ምን ዓይነት ሰው ነሽ? እጅጌ ሠርቶ ልክ መጣ ወይ ብሎ አለመጠየቅ አለ? እኔ ልብስ ያስረከብኩትን ሰው መንገድ ላይ ካገኘሁት ክንዱን አስዘርግቼ ነው የማልፈው።»

ሰርቆ ማየት ነውር ነው፣ አሁንም እላለሁ። ግን ዝምታዬን ጨዋነት አድርጌው፣ አንድም ቀን ወጥቼ አልጠየቅኩም።

መቃ በእስፒል የተያያዘውን ኮት እንደለበሰ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጠና ስሌቱን ማረም ጀመረ። ወሬው ወጥቶ ጎረቤት ያሉት ሰፊዎች አንድ በአንድ ገቡ። አንዱ በአንገትጌው መጣበት፣ ሌላዋ በፊደሉ ማነስ። በግራም በቀኝም ይቆጡታል፣ እሱ ጥርሱ አልከደን ብሎታል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እዚያው ተስማማን፤ ፕሮግራሙ ላይ የታዘቡትን የሚጽፉበት ቦታ እናበጃለን፣ የጻፉትን አንብበው ራሳቸው ካልላኩት አይሄድም፣ የደንበኛ ልክ ጭራሽ አይነካም። ኢንተርኔት የሌላቸውን እኛው እየመጣን እንጠይቃለን።

«ሱፉ ለመቼ ይድረስልህ?» አሉት እማማ መቀስ ስንወጣ።

«አይቸኩልም» አለ።

ጆሮዬ ቆመ፣ ግን መጠየቅ ፈራሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ደረስን።

«እትዬ፣ ነገ ቢሮ ቀድመሽኝ ከገባሽ የእጅጌውን ኮድ እንዳትነኪ። ያልጨረስኩት አለ፤ የኔ ነው።»

«ማን ነካብህ?» አልኩት፣ እንባዬን እንዳያይብኝ ቆጣ ብዬ።