አሥራ ስድስተኛው ቀን

ገምጋሚዋ ሚስስ ክራይደር የሚመጡት ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነበር። ጃኔል ግን ገና በአንድ ሰዓት ወለሉን ሁለቴ ወልውላ፣ የፖም ኬኩን ከምድጃ አውጥታ፣ የልጆቿን ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ድርደራው አልጥም ብሏት አፍርሳ እንደገና እየደረደረች ነበር።

«ተፈታኟ ልጅቷ ናት ወይስ አንቺ?» አላት ባሏ ጋሬት፣ የምሳ ዕቃውን ብብቱ ስር ሸጉጦ።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ቁርስሽን ብዪ። በባዶ ሆድ የተፈተነ ወድቆ ነው የሚመለሰው።»

ሳቀና ወጣ። ቀልዱ ለጃኔል አልጣማትም። ባለፈው ዓመት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ኢዲት ትምህርት ቤት ተነስተሽ አንብቢ በተባለች ቁጥር ድምፅዋ ይጠፋ ጀመር። በኋላማ እቤትም ዝም አለች። ጃኔል ልጅቷን አስወጥታ ራሴ ላስተምራት ስትል ጋሬት የፈቀደላት አንድ ዓመት ብቻ ነው። በግንቦት መጨረሻ ገምጋሚዋ ልጅቷ ተምራለች ብለው ከፈረሙ ይቀጥላል፤ ካልፈረሙ ግን ኢዲት ክረምቱ ሲያልቅ የትምህርት ቤቱ ቢጫ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። ጃኔል ያ አውቶቡስ በበሯ ባለፈ ቁጥር መጋረጃውን ትዘጋ ነበር።

ዓመቱ እንደ እውነቱ ከሆነ የወፍ ዓመት ነበር። ሒሳቡም ንባቡም ለኢዲት አልገባ ሲላት ጃኔል ከጓሮው አጥር ምሰሶ ላይ የወፍ ጎጆ የሚሆን የእንጨት ሣጥን ሰቀለች። በረዶው እንደቀለጠም ጀርባቸው ሰማያዊ፣ ደረታቸው የሸክላ ቀለም የሆነ ጥንድ ወፎች መጥተው ገቡበት። ኢዲትና የአምስት ዓመቷ እህቷ ጁኒ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ኢዲት ያየችውን ትጽፋለች። ጃኔል ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ሌሎች እናቶች ምን እንደሚያደርጉ ኮምፒውተር ላይ ታያለች፤ ያየችውን ሁሉ ለማድረግ ትሮጣለች፤ ሳትጨርሰው ሌላ ትጀምራለች። በመጨረሻም የኢዲት ደብተር ጭቃ የነካው፣ ፊደሉ የተወላገደ መሆኑ አሳሰባትና አዲስ ደብተር ገዝታ ራሷ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ትገለብጠው ጀመር። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት ብላ ነው። አራት ቀን ከጠረጴዛው አልተነሳችም።

ሚስስ ክራይደር በሰዓታቸው መጡ። አርባ ዓመት ያስተማሩ፣ ረጅም፣ ነገራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ንጹሑን ደብተር ገጽ በገጽ ገለጡት።

«ኢዲት፣ ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ኢዲት ወለል ወለሉን አየች።

«እኔ ትንሽ አስተካክዬው ነው» አለች ጃኔል ቶሎ ብላ። «ሐሳቡ የሷ ነው። ኢዲት፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

ሚስስ ክራይደር ጠበቁ። ጁኒ ኬኩን በጣቷ ነካ አድርጋ ላሰች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል፤ ለጃኔል አውቶቡሱ ከበር የቆመ መሰላት።

«ይምጡ፣ ወፎቹን ላሳይዎት!» ብላ ብድግ አለች። «እዚያ ስትሆን ታወራለች።»

የወፍ ሣጥን የሚሰቅል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ አሥራ ሁለት ቀን ካለፋቸው ክዳኑ አይከፈትም። መብረር ሳይችሉ ደንግጠው ይዘላሉና። ጃኔልም ሕጉን ታውቃለች፤ ቆጥራለችም። ሣጥኑ ዘንድ ሲደርሱ ኢዲት የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

«እማ፣ አይከፈትም።»

«ዛሬ ገና አሥራ ሁለተኛው ነው። ይቻላል።»

«አሥራ ስድስት ነው።»

«ኢዲት፣ ባለፈው ሳምንት እሁድ ነው የተፈለፈሉት፤ አይቻቸዋለሁ እኮ። አሁን አትጨቃጨቂኝ።»

ከፈተች። የሆነ ነገር ፊቷን ገጭቷት አለፈ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አምስቱም ጫጩቶች ሜዳው ላይ ተበተኑ። ጃኔል ጮኻ አንዱን ልትይዝ ስትሮጥ ሌላው ከመረገጥ ለጥቂት ነው የተረፈው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ጃኔል ግን ለመልቀሙም አልታደለችም።

«ማንም አይንቀሳቀስ!»

የጮኸችው ኢዲት ነበረች። ሚስስ ክራይደር አንድ እግራቸውን አንጠልጥለው ቀሩ። ጁኒም ጣቷን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ቆመች። ኢዲት በጉልበቷ ተንበርክካ ሣሩን በእጇ እየገለጠች አንዱን አገኘች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ሚስስ ክራይደር ባንጠለጠሉት እግር ሥር ነበር። በመዳፏ ከድና ወደ ሣጥኑ መለሰቻቸውና ክዳኑን ዘጋች። ከዚያም ካልሲዋን አውልቃ ወፎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ወተፈችው።

«እስኪረጉ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «አሥር ደቂቃ። አንዱ ግን የለም።»

ራቅ ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሚስስ ክራይደርም በዚያ በተተኮሰ ቀሚሳቸው ተቀመጡ።

«አሥራ ስድስት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሏት።

ኢዲት ከጃኬቷ ውስጥ ያንን የቆሸሸ ደብተር አወጣች። ጃኔል ገልብጣ ስትጨርስ ወርውራው ነበር፤ ልጅቷ ለካስ አንስታ መጻፏን ቀጥላለች። ኢዲት ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ እየቆመች፣ እየተመለሰች ማንበብ ጀመረች።

«ረቡዕ። ጫጩቶቹ ከእንቁላሉ ወጡ። አምስት ናቸው። ለእማ ነገርኳት። እየጻፈች ነው። እሺ የኔ ቆንጆ አለች።»

ጃኔል ማለቷን አስታወሰች። ቀና ብላ አላየቻትም ነበር።

«እሁድ። እማ አየቻቸው። ዛሬ ወጡ አለች። ዝም አልኩ። ሰኞ። እማ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ከፈተች። እናቲቱ የአጥሩ ሽቦ ላይ ትል ይዛ ቆመች። እማ ስትሄድ ገባች። ማክሰኞ። እማ አራት ጊዜ ከፈተች። እናቲቱ ብዙ ጠበቀች። ትሉን ራሷ በላችው።»

ኢዲት ደብተሩን ዘጋች። ጃኔል አፈረች። እንግዳ ፊት ማፈሩ ቀላል ነበር፤ ልጇ ይሄን ሁሉ አይታ፣ ቆጥራ፣ ማንም ላይ ሳትፈርድ ማስቀመጧ ነው አንጀቷን የበላው። ዓመቱን ሙሉ ማንበብ ትችል ይሆን ብላ ስትጨነቅ፣ የጻፈችውን ከመገልበጥ በቀር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብላ አላነበበችላትም።

«እኔ የምፈርመው በዚህኛው ደብተር ነው» አሉ ሚስስ ክራይደር ለጃኔል። «ያኛውን ለራስሽ አኑሪው። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ኢዲት፣ የሚመጣውንም ዓመት እዚሁ ቤት መማር ትፈልጊያለሽ?»

ኢዲት የሣር ዘለላ ነጨች።

«እፈልጋለሁ። እማ ቁጭ የምትል ከሆነ።»

«ትላለች?»

«እንጃ» አለች ኢዲት።

ሚስስ ክራይደር እስክሪብቶአቸውን አላወጡም። በዚሁ መሃል ከአጥሩ ሥር፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አምስተኛው ነው። ጃኔል ሳታስበው ብድግ ልትል ስትል የኢዲት እጅ ጉልበቷ ላይ አረፈ።

«አባትየው እያየሽ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ከሄድሽ አይወርድም።»

ወንዱ ወፍ ትል በአፉ ይዞ ሽቦው ላይ ቆሟል። ጃኔል ተቀመጠች። ጫጩቱ ይጣራል፤ የጎረቤት ድመት ትዝ አላት፤ ጉንዳን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወጣ፤ እግሯ ደነዘዘ። ልሂድ ልሂድ አላት። አልተነሳችም። ብዙ ቆየች። ወንዱ ወፍ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ሣሩ እያየ ቆይቶ ወረደ፤ ጫጩቱም ጎርሶ ጸጥ አለ።

ኢዲት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ገልጣ መጻፍ ጀመረች። ጃኔል ምን እንደምትጽፍ ለማየት አንገቷ ሊዞር ምንም አልቀረውም። ዓይኗን ከአጥሩ ላይ አላነሳችም።