ሰፋ ያለ ጫማ ለአንድ ግትር ሰው

እርሳሱን በትንሹ ጣቱ ዙሪያ አዞረችና ወደ ተረከዙ ወረደች። ባሏ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ካርቶን ከውስጥ እግሩ ጋር አስደግፋ፣ ዙሪያውን ትስላለች።

ድሮ ቢሆን ይህ አይሞከርም። የብርድ ልብስ ጫፍ እንኳ ውስጥ እግሩን ከነካው ጮሆ ብድግ ይል ነበር፤ በተጋቡ ሰሞን እየኮረኮረች ስንቴ ከአልጋ አውርዳዋለች። አሁን እርሳሱ በጣቶቹ መካከል ሲሄድ ማንኮራፋቱ ዜማውን እንኳ አልቀየረም። ልትስቅ ብላ ተወችውና ወደ ሌላው ጣት አለፈች።

ነገሩ የጀመረው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ወለሉ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል።

«ምንድን ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው?»

«ጆሮሽ ነው።»

«ጆሮዬ አንተ ስትቆም ይቆማል? ና እስቲ፣ እግርህን አንሳ።»

የጫማ ሚስማር ነበረች፤ እስከ አናቷ ተረከዙ ውስጥ ገብታለች። ሱቁ ውስጥ መቼ እንደረገጣት አያውቅም። ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ ነቅላ፣ አጥባ፣ አሸገችለት።

«አባባ፣ ስኳሩ የእግርዎን ስሜት እየወሰደው ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ሳይታይ ከሰነበተ እግር ያስቆርጣል። ከእንግዲህ ባዶ እግር የለም!»

«እሺ የኔ ልጅ» አለ። ሚስቱ ግን ያን እሺታ ታውቀዋለች፤ የክሊኒኩን በር አልፎ አያውቅም።

መድኃኒቱን ይውጣል። ሻዩንም ያለ ስኳር፣ እየተኮሳተረም ቢሆን፣ ይጠጣል። ባዶ እግሩ ላይ ሲደረስ ግን አንድ መልስ ነው ያለው። ጫማ ሰሪ ነው፤ የሚሰፋውን ጫማ ጉልበቱ ላይ የሚያጸናው በጠፍር ነው። ጠፍሩ በጉልበቱ ላይ አልፎ ከውስጥ እግሩ ስር ይዞራል። «በባዶ እግሬ ካልረገጥኩት እጄ አይታዘዘኝም» ይላል። ያለው አንድ ጫማም ደንበኛ ረስቶት የቀረ፣ የሚጠበው ነው። ለራሱ ሰፍቶ አያውቅም። ለደንበኛ ሲሆን ግን እንቅልፍ የለውም።

ሚስቱ የተማመነችው በዚህ ነው። ግራ እግሩንም ስላ ጨረሰችና ካርቶኑን ቀሚሷ ስር ደበቀችው።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ካርቶኑን ይዞ ሱቁ ገባ።

«ጋሼ፣ ትእዛዝ አለ። ሰውየው ስኳር አለበት። ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር፣ ሶሉ ሚስማር የማያሳልፍ ጫማ ይፈልጋል።»

ጫማ ሰሪው ካርቶኑን ወደ ብርሃን አዞረው። የሰፈሩን ሰው እግር በሙሉ በቃሉ ያውቃል። ይሄን ግን አያውቀውም።

«ይሄ የሰው እግር ነው የዳክዬ?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ መንገዱ ዞሮ ሳቁን በሳል ደበቀ።

«ትንሹን ጣት እየው፣ ጎረቤቱ ላይ ወጥቷል። ጠባብ ጫማ ነው እንዲህ ያደረገው። ሐኪም አልነገረውም?»

«ነግሮታል አሉ። አይሰማም።»

«ግትር!»

«እሱንስ ባያነሱት ይሻላል ጋሼ።»

ሥራው እስኪያልቅ ሚስቱ በየጠዋቱ እየቀደመችው ሱቁ ገብታ የወደቁ ሚስማሮችን በማግኔት ትለቅም ነበር። እሱ እግሩን በካልሲ ጠቅልሎ ይሠራል፤ ካልሲ ጫማ አይሆንም፣ ያም ሆኖ እስከዚያው ተወችው። ለስላሳውን ቆዳ ለገበር መረጠ። የውስጡን ስፌት በጣቱ እየዳበሰ ሁለት ጊዜ ፈታው።

«ይሄን ሰውዬ ሳገኘው እመክረዋለሁ» አላት ምሳ ስታመጣለት። «እግር መለዋወጫ የለውም እለዋለሁ።»

«እባክህ ምከረው። ሚስቱ ደክሟታል።»

«ሚስቱን ታውቂያታለሽ?»

«እንደ ራሴ።»

ጫማው ሲያልቅ አቧራውን በክርኑ ጠረገና ከፍ አድርጎ አየው። «በል እንግዲህ፣ ባለቤቱ ይምጣና ይለካው። ሳይለካ አላስረክብም።»

«መጥቷል» አለች።

ወደ በሩ ዞረ። ማንም የለም።

«ተቀምጧል። ጫማውም እጁ ላይ ነው።»

እሷን አየ፤ ጫማውን አየ። ካርቶኑን መሬት ላይ አንጥፎ ካልሲውን አወለቀና እግሩን አኖረበት። መስመሩ ዙሪያውን ልክክ አለ፤ ትንሹ ጣት እንኳ አልተረፈም። ከግድግዳው ወዲያ የፀጉር አስተካካዩ ሳቅ ተሰማ።

«ዳክዬው መጣ?» ይላል።

«ዝም በል አንተ መቀስ!» ጮኸ ጫማ ሰሪው። እሱም እየሳቀ ነበር። «መቼ ለካሽኝ?»

«ተኝተህ።»

«እኔ? እግሬ ተነክቶ አልነቃሁም?»

«አልነቃህም» አለች ቀስ ብላ። «እርሳሱን በጣቶችህ መሃል አሳልፌዋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ውስጥ እግሩን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ተጫነው። የጠፋ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ሁለቱንም ጫማዎች አጠለቀ፣ የጀመረውን የልጅ ጫማ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ጠፍሩን ረገጠ። ተንሸራተተ። እንደገና ረገጠ፤ ጠፍሩ እንደገና ተንሸራተተ።

«ይኸው! ስል አልነበር?»

«ስለ ጠፍር ነርሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም» አለች ሚስቱ። «የምታውቀው አንተ ነህ።»

የቀኙን ጫማ አወለቀ። እሷ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። የቢላ ድምፅ ስትሰማ ቀና አለች፤ ጫማውን ገልብጦ ወፍራሙ ሶል ላይ፣ በመሃል፣ በጠፍሩ ስፋት ጥልቀት የሌለው ቦይ እየቆፈረ ነው። ፍርፋሪውን እፍ ብሎ አጠለቀውና ረገጠ። ጠፍሩ ቦዩ ውስጥ ቁጭ አለ። ክሩን ሳበ።

«ያዘ» አለ፤ ቅር እንዳለው ሰው።

«ከባዶ እግር ይሻላል?»

«ደንበኛ በጥያቄ አይጨቀጨቅም። ሻይ አምጪልኝ፣ ያንኑ መራራውን።»

የልጁን ጫማ የመጨረሻ ስፌት አጠበቀ፣ ክሩን ቆረጠና ጫማውን መደርደሪያው ላይ አኖረው።