ኸድራ ያለቀሰችበት ፊልም

አማካሪያችን ዋርሳን ድሬዳዋ የተማረች፣ ልበ ቅን ሴት ናት። ሐሙስ ሐሙስ፣ በዚህ በስደት ከተማችን ኮድቡር ሰፈር ባለው ቢሮዋ፣ አሠሪ ሴቶችንና እኛን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አንድ ላይ ሰብስባ ፊልም ታሳየናለች። ከዚያ «ምን ተሰማችሁ?» ትላለች። እዚህ የተወራ እዚሁ ይቀራል ብላም አስምላናለች። ምስኪን፣ መሐላ የሚያስፈራው ሰው ያለ መስሏት!

የዚያ ሐሙስ ፊልም ሃይማኖቷን ደብቃ ሰው ቤት ስለምትሠራ ሴት ነበር። አሠሪዋ ስትደርስባት በዝናብ አባረረቻት። ፊልሙ ሲያልቅ ዋርሳን «እናንተስ ብትሆኑ?» አለች።

ከአሠሪዎቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ኸድራ፣ እንባዋን ትጠርጋለች። ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ከኛ አያንስም። «ወላሂ እኔ አቅፋት ነበር። ሰው ሰው ነው» አለች።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ዘነቡ ሂጃቧን ጠበቅ አደረገች። «ዘይነብ» ተብላ ሦስት ዓመት የሠራችው ኸድራ ቤት ነው፤ ከዚያ ሌላ መግቢያ የላትም። እኔ ደግሞ ሥራ ካጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ያንን ቤት እመኘው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን እያወቅኩ «ንገሪያት፣ ይውጣልሽ» አልኳት።

«እትዬ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አለች ዘነቡ። «ክርስቲያን ነኝ።»

ኸድራ ተነስታ አቀፈቻት። ሁሉም አጨበጨበ። ዋርሳንማ ደስታዋን አልቻለችውም።

በባጃጅ አብረው ሄዱ። ቤት ሲደርሱ ግን ኸድራ ብቻዋን ገብታ የዘነቡን ሻንጣ አወጣችላት።

«ክርስቲያንነትሽን እችለው ነበር» አለቻት። «ሦስት ረመዳን ከጎኔ ቆመሽ መስገድሽን ግን አልችለውም። በአላህ ፊት ቀለድሽብኝ።»

«አቅፈሽኝ አልነበር እትዬ?»

«ሰው እያየ ምን ላድርግ?»

ዘነቡ ይህን የነገረችኝ አያሃ ሰፈር፣ ከአምስት ሴቶች ጋር በተከራየሁት ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው። አጽናናኋት። ራሴንም ጠላሁት፤ ግን ለጥቂት ጊዜ ነው።

በማግስቱ ሂጃቤን አስተካክዬ የኸድራን በር አንኳኳሁ።

«ፈርሒያ፣ አንቺስ እንደሷ ነሽ እንዴ?» አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«አዑዙ ቢላህ!» አልኩ፣ እናቴ ፍሬሰንበት ብላ ስም ያወጣችልኝ ሴት። «እኔንም እኮ ነው ያታለለችኝ። እንደ እህቴ ነበር የማያት።»

ኸድራ አዘነችልኝ። ወደ ሠራተኛ ክፍሏ ወሰደችኝ፤ የዘነቡ አንሶላ ገና አልተቀየረም ነበር። ተኛሁበት። ጥሩ እንቅልፍም ወሰደኝ።