መስመሯ እስክትሞላ

«ሁሉንም ጥርግ አድርጊውና እንገላገል፣ እታለም» አለ ክንፈ፣ የንፍሮ ሰፌድ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ ከጓዳ ወደ ድንኳን ሲመላለስ እግሩ አላረፈም።

የዓለምዘርፍ ከኮምፒውተሩ ዓይኗን አልነቀለችም። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል መካነ ሰላም ላይ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ «ኮምፒውተሩን ለተማሪዎቼ ስጡልኝ» ብለው ተናዘዋል። ተማሪዎቹ ነገ ይወስዱታል፤ እሱ ግን ከመሙላቱ የተነሣ መንቀሳቀስ አቅቶታል።

አይ መሪጌታ! ብራና ላይ አንዲት ነቁጥ ያለ ቦታዋ ብታርፍ የሚቆጡት ሰው፣ ከኢንተርኔት ያወረዱትን ሁሉ ዳውንሎድ ውስጥ ከምረውት ሄደዋል። ድጓው ከስንዴ ዋግ መድኃኒት፣ ስንክሳሩ ከጎረቤት ልጅ የፈተና ውጤት ጋር ተደባልቋል። ለሰው ሁሉ ሲያወርዱ ኖረው ኖሯል። ለመጻሕፍቱ አንድ ፎልደር ከፍታ «ለተማሪዎቼ» አለችው፤ ለጎረቤቱም ሌላ።

የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ከአዲስ አበባ መምጣት አልቻለችም፤ የደረሰችውም ከቀብር በኋላ ነው። ትናንት ድንኳኑ ውስጥ አንዷ ለሌላዋ «ደጅ ደጁን እያዩ ሄዱ» ስትል ሰማች። እትዬ አልታዬ፣ ጎረቤታቸው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ የሰው ወሬ ነው» ብለው ትከሻዋን አቀፏት። ቢሆንም አልወጣላትም። ተቀይመውኝ ይሆን?

ወደ ታች ስትወርድ «ለአባባ» የሚል ቪዲዮ አገኘች። የተከራየቻትን ክፍል፣ አልጋዋንና ምድጃዋን እያሳየች የምትስቅበት ነው፤ ያኔ በኢሜይል ልካላቸው ነበር። ከሥሩ ሌላ «ለአባባ» አለ፤ ከዚያም ሌላ። ብትወርድ ብትወርድ አያልቅም። ኮምፒውተሩን ያፈነው ይኸው አንዱ ቪዲዮ ተደጋግሞ ወርዶ ነው።

«ክንፈ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ሰፌዱን አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። «ያስተማርሻቸው አንቺ አይደለሽ?»

እውነትም አስተምራቸዋለች። «ኢሜይሉን ይክፈቱ፣ ቀስቷን ይጫኑ፣ መስመሯ እስክትሞላ ይታገሡ፣ ከዚያ ይመልከቱ» ብላ በስልክ ስታስጠናቸው፣ እንደ ቃል ትምህርት ደጋግመው አሰምተዋት ነበር።

«‹አንዴ ወርዷል፣ እዚሁ አለ› ብላቸው፣ ‹ዜማ ከመሀል አይጀመርም› ይሉኛል» አለ ክንፈ። «መንገዱ ሲዘጋማ ባሰባቸው። መስመሯ ስትጀምር ‹ከአዲስ አበባ ተነሣች› ይላሉ። ትንሽ ስትገፋ ‹ዓለም ከተማን አለፈች፤ ይኸው ደጎሎ ገባች።› ልትሞላ ስትል ጥምጥማቸውን ያስተካክሉና ‹እንኳን ደህና ገባሽ› ብለውሽ ነው የሚያዩሽ።»

«አልተቀየሙኝም በለኛ!»

«ኧረ ምን ቅያሜ! ሲመርቁሽ ነው የኖሩት።»

የዓለምዘርፍ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የዛሬው እንባ የትናንቱ ዓይነት አልነበረም። «ተመስገን» አለች፣ «ተመስገን።» መንገድ በተዘጋበት ዘመን፣ እሷ ሳታውቀው፣ ስንት ጊዜ አባቷ ቤት ገብታ ኖሯል!

ቅጂዎቹን አንድም ሳትቀንስ፣ ከጎረቤቱ ፎልደር ጋር፣ ወደ ራሷ ፍላሽ አሸጋገረችና ከኮምፒውተሩ አወጣቻቸው። ለተማሪዎቹ መጻሕፍቱ ብቻ በሥርዓት ተደርድረው ቀሩ። ክንፈ ሰፌዱን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ኢሜይሉን ከፈተች። ደግነቱ ኔትወርክ አለ። ቀስቷን ተጫነች።

«ፍላሽሽ ላይ አለ እኮ!» አላት።

«ዜማ ከመሀል አይጀመርም።»

ክንፈ ሰፌዱን መልሶ አስቀመጠና አጠገቧ ቆመ። መስመሯ ቀስ እያለች ትገፋለች።

«ደጎሎ ገባች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልትሞላ ስትል የዓለምዘርፍ ነጠላዋን አስተካክላ ከወንበሩ ተነሣች።