መርዶ ያልተነገረው ድምፅ

ባለቤቴ መኳንንት ሐዋሳ ላይ ሲሞት ድምፁ አዲስ አበባ፣ ጎፋ፣ ቤታችን ውስጥ ነበር።

መኳንንት «ቆርቆሮ» የሚባል የፓንክ ባንድ ዘፋኝ ነበር። ፓንክ ለማታውቁ፣ ሦስት ሰዎች አንድን ዘፈን ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ የሚሽቀዳደሙበት ሙዚቃ ነው። አልበማቸውን እየቀረጹ ሳለ ጉሮሮው ቆሰለና ሐኪሙ «ድምፅህን አሳርፍ» አለው። እሱም ድምፁን ሳሎን ሶፋው ላይ አሳረፈና ብቻውን ሐዋሳ ሄደ። የተሰናበተኝ እጁን በማውለብለብ ነው።

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ማለዳ ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቅነህ ጎረቤቶችን አስከትለው በሩን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ጋቢ ለብሶ የሚያንኳኳ የእድር ሰብሳቢ ሌላ ጉዳይ ስለማይኖረው፣ ሳይናገሩ ገባኝ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ባለበት ልቡ ቆሞ ነበር። ጮህኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ድምፁ ከሶፋው ላይ። «ሰው ተኝቷል እኮ።»

ጋሽ ወርቅነህ ደነገጡ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አልሰማም እንዴ?» አሉኝ።

«ገና አሁን መነሳቱ ነው።»

«እንግዲያው እንዳትነግሪው። መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ነው። ደንግጦ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«ድምፅ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ቢሆንስ?»

ስለዚህ የሩቅ ዘመድ እንደሞተብኝ ነገርነው። አዘነልኝ።

ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛው ሁሉ የመኳንንትን ስም እንዳይጠራ ስለተመከረ «ያ ሰውዬ» እያለ ነበር የሚያለቅሰው። ድምፁም ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። አስለቃሿ እትዬ ብዙነሽ ሙሾዋን አቋርጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው። አልጨረሰም።

«ለሩቅ ዘመድ እንዲህ የሆነ» አለች መቀነቷን እያጠበቀች፣ «ለራሱ ሲሆን ምን ሊያተርፍልን ነው?»

ከሰልስት በኋላ ጊታር የሚጫወተው ሚልኪያስና ድራም የምትመታው ትርሲት መጡ።

«ሶሲ፣ አልበሙ ሳያልቅ እንዳይነገረው» አለኝ ሚልኪያስ።

«የሞተው ጓደኛህ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ ነው የመጣሁት። ዘፈን ግን ይቀረናል።»

«ደስ ይለዋል» አለች ትርሲት።

«ማን?»

«ሁለቱም።»

ድምፁ ያለ እኔ ከቤት ስለማይወጣ ስቱዲዮ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። የሚሰማው በግራ ትከሻዬ በኩል ስለሆነ የቀረጻ ባለሙያው ማይኩን ጆሮዬ ሥር አቆመው። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ድምፁ ይጮኻል። ለአልበሙ ሽፋን ፎቶ ሲያነሱ እኔንም መሃል አስገቡኝ። «ፊትሽን እንዳትቀይሪው» አለኝ ሚልኪያስ። «እኛ ይህን ፊት ለማምጣት ስንት ዓመት ለፍተናል።»

ሥራው እንዲያልቅ አልፈለግሁም። አንድ ዘፈን ተቀርጾ ባለቀ ቁጥር «ትንሽ አልፈጠነም?» እላለሁ። ስለ ፓንክ የማውቀው ነገር አለመኖሩን እያወቁ ይደግሙታል። ስንመለስ ድምፁ ታክሲ ውስጥ የሱቆቹን ማስታወቂያ እያነበበ ይሳለቃል፤ ወያላው ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ በመስኮት አያለሁ። ያኔ ባል ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

አርባው ሲቃረብ የነፍስ አባታችን መምሬ ክንፈ ሊያጽናኑኝ መጡ። ድምፁ ጓዳ ሆኖ ያፏጫል። ጥቂት አዳመጡና መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ይሄ አይሆንም፣ ልጄ። ነፍሱ ሰማይ ደጅ ቆማለች። ስሟን ይጠሯታል፤ አቤት የምትልበት ድምፅ የላትም። የለችም ተብላ ትታለፋለች።»

«ደግመው አይጠሯትም?»

«እስከ አርባው ይጠሯታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቅም።»

«እሱ ከሄደ ግን ቤቱ ጭር ይላል፣ አባቴ።»

«ይላል» አሉ መምሬ ክንፈ።

ለጋሽ ወርቅነህ ነገርኳቸው። በማግስቱ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ስቱዲዮው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሚልኪያስ ለጋሽ ወርቅነህ ማዳመጫ አደረገላቸው። «ጆሮ ያሞቃል» አሉ።

የቀረው ዘፈን አንድ ብቻ ነበር፤ ግጥም አልነበረውም። ድምፁ ስለዚያ ስለሞተው ዘመዴ ሊዘፍን ፈለገ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለኝ።

«ልብሱን መሬት ላይ ይጥላል።»

«ሌላስ?»

«መኪና ሳይኖረው በሰው አነዳድ ይናደዳል። ሲስቅ ጥርሱን በእጁ ይሸፍናል።»

«ደህና ሰው ነው። ትወጂው ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ሳላውቅ?»

«እያወቅህ።»

ጋሽ ወርቅነህ ማዳመጫውን አወለቁ። እንደ ወጉ መናገር የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መልሰው ተቀመጡ። ስለዚህ እኔ ነገርኩት።

«መኳንንት፣ ያ ሰውዬ አንተ ነህ።»

ትርሲት የድራም እንጨቶቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ማንም አላለቀሰም፤ ሁሉም ድምፁ እስኪጀምር እየጠበቀ ነበር።

«ድንኳኑ ውስጥ ያን ያህል የጮህኩት ለራሴ ነው?» አለ ድምፁ።

«ለራስህ ነው።»

«ሰው ምን አለ?»

«አብዝቶታል አለ።»

«እንቅረጸው» አለ። «አሁን ገባኝ።»

ዘፈነው። ጊታሩ ጨረሰ፤ ድራሙ ጨረሰ፤ እሱ ግን አልቸኮለም። በመጨረሻ «ደረብ አድርጊ፣ ይበርዳል» አለኝና ግራ ትከሻዬ ቀለለ። የእድሩ ሰዎች ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው።

የቀረጻ ባለሙያውም ስላለቀሰ ማሽኑን ሳያጠፋው ቆየ። በዚህ ምክንያት አልበሙ መጨረሻ ላይ ረጅም ዝምታ አለ። ከዝምታው በኋላ ከሩቅ ስም የሚጠራ ሰው ይሰማል፤ ቀበሌ ተራ ሲጠራ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። «ወልደ ሰንበት» ይላል። ይህ የመኳንንት የክርስትና ስሙ ነው፤ ከባንዱ የሚያውቀው አልነበረም። «አቤት» ይላል ድምፁ፣ እዚያም እየጮኸ።

ሚልኪያስ ይህን ክፍል ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር። እንቢ አልኩ።

ጥሪው በዚያ አያበቃም። አልበሙ በተከፈተ ቁጥር ከእሱ ቀጥሎ የሚጠሩት ስሞች ይለያያሉ። የቀረጻ ባለሙያው አንድ ቀን የራሱን ሰምቶ አጠፋው፤ አሁን የቤት ዕቃ ይሸጣል። እኔ አቤት እንዳልል ነጠላዬን ነክሼ ነው የምሰማው።

ትናንት የእኔን ጠሩ። «ወለተ ሩፋኤል» አለ ሰውየው። ነጠላውን አጥብቄ ነከስኩ። ደግሞ ጠራ። ያን ጊዜ ከጎኑ ያ የማውቀው የሻከረ ድምፅ «እንዲህ የምትባል ሰው አላውቅም» አለው። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ፤ ሌላ ስም ተጠራ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ወልደ ሰንበት እያላችሁ ጸልዩለት። እዚያ መዋሸት የሚፈቀድ አይመስለኝም።